የአሰልጣኝ ወኔ የሰልጣኝ እጅ ላይ ሲደርስ

በአንድ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብየዳና የብረታ ብረት ሥራ አሰልጣኝ ነኝ። ወደ ማሰልጠን የገባሁት ከሥራው ዓለም ነው፤ ከዚያ በፊት በርና መስኮት፣ የጣሪያ ብረት፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ እየሠራሁ ኖሬአለሁ። በቅርቡ ወደ ክፍላችን የተመደቡ ወጣት አሰልጣኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም፤ ምን እናድርጋቸው?» እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ብዙ ዞሬአለሁ፤ መልሱን የምፈልገው ግን ልጆቹ ዘንድ ብቻ ነበር። የአሰልጣኝ ወኔና የሰልጣኝ ውጤት በምን በኩል እንደሚገናኙ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው፤ አንዳንዱማ በጣም ዘግይቶ። እዚያው መንገድ ላይ ላለ አሰልጣኝ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያገኘሁትን ጽፌዋለሁ።

1. ብየዳን መውደድ ሌላ፣ ብየዳን ማሰልጠን መውደድ ሌላ ነው።

ሙያዬን የምወድ ሰው ስለነበርኩ ጥሩ አሰልጣኝ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም። ሾፕ ገብቼ የኤሌክትሮድ መያዣውን ስጨብጥ ደስታዬ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ሰልጣኙ ሲቸገር ካየሁ መያዣውን እቀበለውና «እንዲህ ነው» ብዬ መስመሩን እስከ ጫፍ እስበዋለሁ። ልጆቹ ጭንብላቸውን አጥልቀው ዙሪያዬን ይቆማሉ፤ ጨርሼ ቀና ስል ያደንቃሉ። ያ አድናቆት ትምህርት ይመስለኝ ነበር። ምዘናው ሲመጣ ግን ካደነቁኝ ልጆች ብዙዎቹ ከታች ወደ ላይ በሚበየደው መገጣጠሚያ ላይ ወደቁ። ሾፕ ውስጥ ያሳለፍነው ሰዓት ቢቆጠር፣ ኤሌክትሮዱ ከእነሱ እጅ ይልቅ በእኔ እጅ የቆየበት ሳይበልጥ አይቀርም።

የጀርመኗ ተመራማሪ ማሬይኬ ኩንተርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የሒሳብ መምህራንን ወኔ ለሁለት ከፍለው መርምረውታል፤ አንዱ ለትምህርቱ ያላቸው ፍቅር፣ ሌላው ለማስተማሩ ያላቸው ፍቅር። ክፍል ውስጥ ከሚታየው የማስተማር ጥራት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ሁለተኛው ነው። ጥናቱ የተካሄደው በሒሳብ ክፍል እንጂ በብየዳ ሾፕ አይደለም። ቢሆንም የእኔን ችግር ያሳየኝ እሱ ነው። እኔን ደስ ይለኝ የነበረው ብረቱ እጄ ላይ ሲገጥም ነው፤ ልጁ እጅ ላይ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ገና አላወቅሁትም ነበር።

አሁን የማልጥሰው ደንብ አለኝ፤ አንድ ጊዜ ካሳየሁ በኋላ የሰልጣኙን መያዣ አልቀበልም። የግድ ሲሆን እጄን በእጁ ላይ አድርጌ አብሬው እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። የተበላሸ መስመር እስከ መጨረሻው ሲሄድ ቆሞ ማየት ለሙያተኛ ሰው ቀላል አይደለም።

2. ወኔ በድምፅ ከፍታ አይለካም።

ከእኔ አጠገብ ያለውን ሾፕ የሚይዝ ባልደረባ ነበረኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቀልድ የማያወራ፣ ሲያስረዳ ከኋላ የተቀመጡት በደንብ የማይሰሙት ሰው ነው። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደድኩ፣ እያሳቅሁ፣ ጠረጴዛ እየመታሁ የማስተምር ነበርኩ። የእሱ ሰልጣኞች ግን በምዘና ከእኔዎቹ ይሻሉ ነበር፤ ከሥራ ሰዓት በኋላም ከሾፑ የሚወጡት ጥበቃው ሲያስወጣቸው ነው። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ገብቼ ተቀመጥኩ።

አንድ ልጅ በቲ ቅርጽ የበየደውን ሁለት ብረት ይዞ መጣ። ባልደረባዬ ምንም አላለም። ብረቱን በፒንሳ ይዞ፣ ብየዳው ላይ የቀረውን ቅርፊት በመዶሻ ጫፍ አራገፈ፤ በሽቦ ብሩሽ ጠረገው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወሰደውና ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት አዘንብሎ አየው። ብረቱ እስኪበርድ ጠብቆ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በጥፍሩ ተከተለው። መሐል ሲደርስ ጥፍሩ ቆመ።

«እዚህ ጋ ስትደርስ ምን አደረግህ?» አለው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «አቋቋሜን አስተካከልኩ።»

«እግርህን ስታንቀሳቅስ እጅህም ቆሟል። ስለዚህ እዚህ ብረቱ ተከመረ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ጠርዙ ተበላ። ቀጣዩን ከመጀመርህ በፊት እስከ መጨረሻው የሚያደርስህን አቋም ያዝ፣ ባዶ እጅህን አንድ ጊዜ አመላልሰው፣ ከዚያ ለኩስ።»

ልጁ እየሮጠ ተመለሰ። ባልደረባዬ ያንን ብረት ሲመለከት ፊቱ ላይ የነበረውን ትኩረት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። የአንድ ጀማሪ የተበላሸ ሥራ ምሥጢር እንደያዘ ነገር ተመረመረ። ለሙያው ያለው ፍቅር በዚያ በኩል ወጥቶ ልጁ ላይ ደረሰ፤ ልጁም ሥራው መታየት የሚገባው ሥራ መሆኑን አወቀ።

ሰልጣኞች ስለ አሰልጣኛቸው በሚሞሉት ቅጽ ላይ ግን ከፍተኛውን ነጥብ የማገኘው እኔ ነበርኩ። ይህ ለምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ሙከራ አለ። አሜሪካዊው ዶናልድ ናፍቱሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ሥራ አንድ ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» ተብሎ በሥነ አእምሮና በትምህርት ሙያ ላይ ላሉ ሰዎች ንግግር እንዲያደርግ አደረጉ። ንግግሩ ሆን ተብሎ እርስ በርሱ እንዲቃረንና ፍሬ እንዳይኖረው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ አቀራረቡ ግን ሞቅ ያለና ሰው የሚይዝ ነበር። አድማጮቹ በጥሩ ነጥብ መዘኑት። በእኛ ሙያ ነገሩ ቶሎ ይጋለጣል፤ የተበየደው ብረት ታጥፎ ሲፈተን አሰልጣኙ ምን ያህል ያስቅ እንደነበር አይጠየቅም።

ሞቅታ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ሜሪ ኮሊንስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ጥናት የአስተማሪ ወኔ የሚታይባቸውን ስምንት ነገሮች ለይታ ዕጩ መምህራንን አሰልጥናባቸዋለች፤ ወኔን ማሳየት በልምምድ ሊሻሻል እንደሚችልም አሳይታለች። ድምፅ፣ ዓይን፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ፊት፣ የቃላት ምርጫና አጠቃላይ ጉልበት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አንዱ ደግሞ የተማሪን ሐሳብ መቀበል ነው። ዝምተኛው ባልደረባዬ ከሌሎቹ የጎደለው ቢኖር እንኳ በዚህ አንዱ ሞልቶ ነበር። በተፈጥሯችሁ ዝምተኛ የሆናችሁ አሰልጣኞች፣ «ልጅ መያዝ አልችልም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

3. ፍላጎት የሚመጣው እጅ መቻል ሲጀምር ነው።

ከሰልጣኞቻችን ብዙዎቹ ብየዳን መርጠው አልመጡም። ቀድሞ የ10ኛ ክፍል፣ አሁን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላቸው አሉ፤ የፈለጉት የሙያ ዘርፍ ሞልቶባቸው እኛ ጋ የተመደቡም አሉ። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በምክር እጨርሰው ነበር፤ የሥራ ዕድሉ እንዲህ ነው፣ ገቢው እንዲህ ነው፣ ውጭ አገር ያለው ተፈላጊነት እንዲህ ነው እያልኩ። ከዚያ ማስተማሪያ ሰነዳችንን፣ ቲቲኤልኤሙን ይዤ ስለ ብየዳ ዓይነቶችና ስለ ኤሌክትሮድ ቁጥሮች ለረጅም ጊዜ አወራለሁ። ሾፕ ስንገባ የቀረችው ትንሽ ፍላጎትም አልቃለች።

አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። አባቱ አስገድደውት እንደመጣ በግልጽ የሚናገር፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጥ። በዚያ ዓመት የመማሪያ ክፍሎች ለሌላ ሥራ ስለተያዙብን ንድፈ ሐሳቡን ትተን በቀጥታ ሾፕ ገባን። እንዲሞክር 2.5 ሚሊ ሜትር 6013 ኤሌክትሮድ ሰጠሁት፤ ማሽኑን ከ70 እስከ 80 አምፒር መሐል አደረግንለት። ነገሩ ሲነገር አጭር ነው። ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ጫር አድርጎ ወዲያው ማንሣት፣ ከዚያ ጫፉን ከብረቱ በራሱ በኤሌክትሮዱ ውፍረት ያህል አርቆ መያዝ። እጅ ላይ ሲመጣ ግን ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ልጁ ጠምዞ ይነቅለዋል፤ ይለኩሳል፤ ይጣበቃል። አጠገቡ ያሉት ሲያዩት አፍሮ መያዣውን ሊጥለው ደርሶ ነበር። በመጨረሻ አርኩ ያዘለትና የሚንጣጣው ድምፅ ሳይቋረጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄደ። መስመሩ የተጣመመ ነው፤ ውፍረቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ጭንብሉን አንሥቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ፣ «መምህር፣ አምፒሩን ብጨምረው ምን ይሆናል?» አለኝ።

ይህንን ጉዳይ በሌሎች ዓመታት ሰሌዳ ላይ ስዘረዝረው እንቅልፍ ይይዛቸው ነበር። አሁን ልጁ ራሱ ፈልጎ ጠየቀኝ፤ ምክንያቱም መልሱ የሚያስፈልገው ሥራ እጁ ላይ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ቀይሬዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን የደኅንነት ነው፤ እሱን የሚቀድመው የለም። ጭንብል፣ ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ፣ ጫማ፣ የኬብሉ ሁኔታ፣ የጭሱ መውጫ። ብየዳ ዓይኑን የመታው ሰው እንባው እየወረደ፣ ዓይኑን መግለጥ እያቃተው እንዴት እንደሚያድር በደንብ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሳይቀር አርክ ይለኩሳሉ። ንድፈ ሐሳቡ በየጥያቄያቸው ይገባል። የሙያውን ጥቅም የሚያስረዳውን ንግግሬን ከእነጭራሹ ትቼዋለሁ።

4. ሥራን ሳያርሙ ማድነቅ ሰልጣኙን መናቅ ነው።

በክፍላችን ሴት ሰልጣኞች ጥቂት ናቸው። እንዳይሸሹብኝ እጨነቅ ስለነበር ላበረታታቸው የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ ብዬ አምን ነበር። የሥራ ማረሚያዬ ጠመኔ ነው፤ ስህተቱን ብረቱ ላይ እከብብና እመልሳለሁ። አንዲት ሰልጣኝ ግን ብረቷን ስታመጣልኝ አየት አድርጌ «ጎበዝ፣ አይዞሽ፣ በዚሁ ቀጥዪ» እላታለሁ። ከባድ አንግል ብረት መሸከም ሲኖርባት ወንዶቹን እጠራለሁ።

አንድ ቀን ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ቀረበችኝ። «መምህር፣ የእነሱን ብረት በጠመኔ ከብበው ይመልሱላቸዋል። የእኔን ለምንድን ነው የማያርሙልኝ? እኔ ከዚህ በላይ አልችልም ብለው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አይዞሽ እያልኩ የነገርኳት ነገር ያ ነበር፤ እሷ በትክክል ሰምታዋለች። ወንዶቹ በጠመኔዬ ሲናደዱ፣ እነሱን እንደ ነገ ሙያተኛ እንደማያቸው ከዚያው ጠመኔ ይረዳሉ። እሷ ከእኔ የምታገኘው ግን ደግነት ብቻ ነበር፤ በደግነት ብቻ ደግሞ እጅ አይሠለጥንም።

ብረቷን መልሳ እንድታመጣ ነገርኳትና ሁሉንም ከበብኩት። የተከመረው፣ የተበላው፣ ሥር ድረስ ያልቀለጠው፣ መነሻው ላይ የቀረው ጉድጓድ። የዚያን ያህል ጠመኔ የበዛበት ብረት በዚያ ሳምንት አልነበረም። ሳትከፋ ተቀብላኝ ሄደች። በምዘናው የተግባር ክፍሉን በመጀመሪያው ሙከራዋ አልፋለች። ውጤቷን የማነሣው የእኔ ጠመኔ አሳለፋት ለማለት አይደለም፤ ጠይቃ ያገኘችው እሷ ናት። ሳይጠይቁ የቀሩትን ነው የማስበው።

ማድነቅ አልተውኩም። አሁን ግን የማደንቀው የተወሰነ ቦታን ነው። «ከዚህ እስከዚህ ያለው ፍጥነትህ ትክክል ነው፤ እዚህ ጋ ቸኮልክ» ስለው ልጁ የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚጥል ያውቃል።

5. ሰልጣኙን ከመውቀስ በፊት ዕቃውን መፈተሽ ይገባል።

በአንድ የክረምት ወቅት የአንድ ባች ሰልጣኞች በሙሉ ብየዳቸው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነብኝ። አርኩን አርቃችሁ ስለምትይዙ ነው፣ ትኩረት ስለሌላችሁ ነው እያልኩ በየቀኑ እቆጣለሁ። ልጆቹ መሻሻል አቅቷቸው መቅረት ጀመሩ። በኋላ ለአንድ የኮሌጁ ጥገና ሥራ ከዚያው ካርቶን ኤሌክትሮድ ወስጄ ስበይድ የእኔም ብየዳ ቀዳዳ አወጣ።

ኤሌክትሮዱ 7018 ነበር። ይህ ዓይነቱ እርጥበት አይችልም፤ እሽጉ ከተከፈተ በኋላ በማድረቂያ ምድጃ ሙቀት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እርጥበት ከገባው ብየዳው ቀዳዳ ያወጣል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ከእርጥበቱ የሚመጣው ሃይድሮጂን ብረቱ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ሊሰነጥቀው መቻሉ ነው። 6013 እርጥበትን ከእሱ በተሻለ ይችላል። የእኛዎቹ ካርቶኖች ተከፍተው መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነበር የከረሙት። እኔ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ማስተማሪያዬ ውስጥም አለ። ሄጄ አላየሁም እንጂ። ሰልጣኞቹን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ካርቶኑንም አምጥቼ ለትምህርት ተጠቀምንበት። አንዳንዶቹ ግን በዚያ መሐል ማሰልጠኛውን ጥለው ሄደው ነበርና ይቅርታዬ አልደረሳቸውም።

የግብዓት እጥረት በቴክኒክና ሙያ ውስጥ ላለ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። መብራት ይጠፋል፤ ማሽኑ ለሰልጣኙ ቁጥር አይበቃም፤ ኤሌክትሮዱ ዓመቱ ሳያልቅ ያልቃል። በወኔ ብቻ ይህን መሸፈን ይቻላል ብዬ ተነሥቼ የደከምኩበት ጊዜ ነበር። የሠራልኝ ሌላ ነው። አንዱ ሲበይድ ሌላው ጭንብል አድርጎ በመመዘኛው ነጥብ መሠረት ይመዘግበዋል፤ ሦስተኛው ሞርሳ ላይ ጠርዝ በሊማ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። አንድ ጠፍጣፋ ብረት በመስመር ላይ መስመር እየተደረበ ፊቱ በሙሉ እስኪሸፈን ይሠራበታል። በሰፈር ካሉ የብረት ሥራ ቤቶች ቁርጥራጭ እንለምናለን። ይህም ሆኖ ኤሌክትሮድ ከሌለ የለም፤ ይህን ለኃላፊዎች በግልጽ መናገርም የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

6. የሙያን ክብር ሰልጣኙ በዓይኑ ማየት አለበት።

«ወድቄ ነው የመጣሁት» የሚለው ስሜት ከሰልጣኙ ብቻ የመነጨ አይደለም። ባለ እጅን የመናቅ ልማድ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ «ዩኒቨርሲቲ ቀረብህ ወይ?» የሚለው ሐዘኔታ ግን አለ። በአሰልጣኝ ስብከት የሚሽር አይደለም።

ከኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት የተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች ወደ ሾፓችን መጡ። ለልምምድ ሥራ ይሁኑ ብለን የተሰባበሩትን ቱቦላሬዎች ቀይረን፣ በይደን፣ ቀለም ቀብተን መለስናቸው። ከዚያ በኋላ ሰልጣኞቼ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መሄድ አበዙ፤ ለንባብ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ሲናገር ነው የገባኝ፤ የእሱ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠና ይወዛወዝ እንደሆነ ሊያይ ነው የሚሄደው። በመልመጃ ብረት ላይ የማላየው ጥንቃቄ ያን ጊዜ መጣ። ለመልመጃ የተበየደ ብረት ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ እንደሚጣል ያውቃሉ፤ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ግን ሌላ ነው። አሁን በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ሥራ በእውነት የሚጠቀሙበት ሰዎች እጅ እንዲገባ አደርጋለሁ።

7. ከኮሌጁ ውጭ ያለው አሰልጣኝ ከእኔ ይበልጣል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ስልጠናውን በውጤት ላይ የተመሠረተ ካደረገው ወዲህ፣ የትብብር ስልጠና የሥርዓታችን ዋና አካል ነው። በመመሪያው 70 በመቶው ጊዜ በኢንዱስትሪ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ይታሰባል። በተግባር ድርሻው ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ሰልጣኙ ረጅም ጊዜውን የሚያሳልፈው ከእኔ ጋር አይደለም።

ወኔ የሞላበትን ልጅ ልኬ ቀዝቅዞ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲጠርግ፣ ዕቃ ሲያቀብልና ሻይ ሲያመጣ ከርሞ የሥራ መዝገቡ (ሎግ ቡኩ) ተፈርሞለት ይመጣል። ከእኔ ጋር ሳለ ቀዝቃዛ የነበረ ልጅ ደግሞ ከአንድ ትንሽ የብረት በር ሥራ ቤት ሌላ ሰው ሆኖ መጥቷል። ልዩነቱን ለማየት ሁለቱም ቦታ ሄድኩ። በትንሹ ሥራ ቤት ያሉት ሙያተኛ ብዙ አልተማሩም። ልጁን ግን ከደንበኛ ጋር ልኬት ሲወስዱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ብረቱ ሲበየድ ስለሚጣመም በየት በኩል ቀድሞ በነጥብ መያዝ እንዳለበት እያሳዩት ይሠራሉ። ሲያጠፋ ብረቱንም ጊዜውንም እንዳከሰራቸው ይነግሩታል፤ ከዚያ ሌላ ብረት ይሰጡታል።

እኔ ከዚህ በፊት ከድርጅቶች ጋር የነበረኝ ግንኙነት ደብዳቤ መስጠትና ማኅተም ማስመታት ብቻ ነበር። አሁን ልጁ ከመሄዱ በፊት እኔ እሄዳለሁ። የማነጋግረው ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን ልጁ አጠገቡ የሚቆመውን ሙያተኛ ነው። ልጁ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚቀረው በዝርዝር እነግረዋለሁ፤ «እርስዎ ነዎት አስተማሪው» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ይህን ቃል ከማንም ሰምተውት አያውቁም።

8. የአሰልጣኙ ወኔ ከሰልጣኙም ይመጣል።

ኑሮ ሲከብድ ከሥራ ሰዓት በኋላ በግል ሥራ ቤት መበየድ ጀመርኩ። ጠዋት ሾፕ የምገባው ደክሞኝ ነው። የማስተምረው ነገር አልተቀየረም፤ የማስተምርበትን ቃል እንኳ አልቀየርኩም። ልጆቹ ግን ወዲያው አወቁ። ጥያቄያቸው ቀነሰ፤ ብረታቸውን ለእይታ ማምጣት ተዉ። እነሱ ሲቀዘቅዙ እኔ ባሰብኝ፤ እኔ ሲብስብኝ እነሱም እንዲሁ።

ተመራማሪዋ አን ፍሬንዘልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 በሒሳብ ክፍሎች ላይ ባሳተሙት ጥናት የመምህር ደስታ ወደ ተማሪዎች የሚተላለፈው ተማሪዎቹ በመምህሩ ላይ በሚያዩት ወኔ በኩል መሆኑን አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ደግሞ ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ፣ የተማሪዎቹም ደስታ ወደ መምህሩ እንደሚመለስ። ይህን ሳነብ የእኔ ድካም በስንፍና እንደማይገለጽ ተረዳሁ፤ ከሰልጣኞቼ የሚመጣልኝን በር ዘግቼ ነበር። የደመወዝ ጉዳይ የደመወዝ ጉዳይ ነው፤ በወኔ አይፈታም፤ አሰልጣኝን «በፍቅር ሥራ» እያሉ ማለፍም ተገቢ አይመስለኝም። እኔ በራሴ ማድረግ የምችለው ግን ነበር። የእያንዳንዱን ሰልጣኝ የመጀመሪያ ብረት ስሙንና ቀኑን በቀለም ጽፌ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ወሩ ሲያልቅ አዲሱን ከጎኑ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ለእነሱ ብዬ ነው። ጠዋት ደክሞኝ ስገባ ቆሜ የማየው ግን እኔ ነኝ።

9. በመጨረሻው ላይ አሰልጣኙ መራቅ አለበት።

ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና የሚሰጠው ከኮሌጁ ውጭ በሆነ ማዕከል ነው፤ መዛኙም ልጆቹ የማያውቁት ሰው ነው። ከያዝኳቸው ሰልጣኞች በጣም ጎበዝ የምለው አንዱ በዚያ ምዘና ወደቀ። መዛኙን በሌላ አጋጣሚ አግኝቼ ስጠይቀው፣ ልጁ አንድ መስመር በጨረሰ ቁጥር ቀና ብሎ ሰው ይፈልግ እንደነበር፣ ጊዜውም በዚያ እንዳለቀበት ነገረኝ። የሚፈልገው እኔን ነው። ሁልጊዜ አጠገቡ ቆሜ፣ ሲያምርለት ፊቴ ሲበራ እያየ ነበር የሠለጠነው። ብየዳውን ሳያይ የእኔን ፊት አይቶ ነበር ጥሩና መጥፎውን የሚለየው።

ከምዘናው በፊት ባሉት ሳምንታት አሁን ሥራውን በሌላ መንገድ አስኬደዋለሁ። ሥዕሉንና የጊዜ ገደቡን ሰጥቼ እወጣለሁ። የደኅንነቱን ነገር የሚከታተል ረዳት አሰልጣኝ ሾፑ ውስጥ ይቀራል፤ ስለ ብየዳው ግን አንድ ቃል እንዳይናገር ተስማምተናል። ሲጨርሱ እርስ በርሳቸው በመመዘኛው ይመዛዘናሉ። ከዚያ ከሌላ ሾፕ፣ ከተቻለም ከሌላ ኮሌጅ፣ የማያውቁትን ሰው አምጥቼ አስመዝናቸዋለሁ። ልጆቹ በመጀመሪያ አይወዱትም፤ የተውኳቸው ይመስላቸዋል። ያ የወደቀው ልጅ በዚህ መልክ ተለማምዶ በሁለተኛው ምዘና አልፏል።

በእነዚያ ሳምንታት ብረት ይዞ ቢሮዬ ድረስ የሚመጣ አይጠፋም። አልመልሰውም። ብረቱን ግን አልቀበለውም፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ በጥፍሩ እየተከተለ ያየውን እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱን እኔ ልጠቁመው ከምችለው በላይ ያገኘዋል።